ተማሪ መጠይቅ ይዞ ሲቀርብዎት፦ የሥነ ልቦና ጥናት እንዴት ይሠራል?

ቢቸና ወይም ሞጣ ሆስፒታል ወረፋ ሲጠብቁ አንድ ተማሪ መጥቶ «ለመመረቂያ ጽሑፌ ጥቂት ጥያቄዎች ልጠይቅዎት?» ሊልዎት ይችላል። ሥነ ልቦና ወይም ጤና የሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጥናት ዘዴን ከሚለማመዱባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

መጀመሪያ የሚማሩት ፈቃድ መጠየቅን ነው። ተማሪው ከየት እንደመጣና ጥናቱ ስለምን እንደሆነ ሊነግርዎት ይገባል። እምቢ ማለት፣ ጀምረው ማቋረጥም ይችላሉ፤ በዚህ ምክንያት ሕክምናዎ ሊጓደል አይገባም። ጎረቤት የሚሰማዎት ከሆነ «ገለል ብለን እንነጋገር» ይበሉ። ለእናት ወይም ለአባት ልጅ ሲመልስላቸው ይታያል፤ ይህ ጥናቱን ያበላሻል፤ የሚፈለገው የእሳቸው ስሜት ነውና።

ስለ ድብርት ሲጠና በብዛት የሚሠራበት ፒኤችኪው-9 የተባለ መጠይቅ ነው። ስላለፉት 2 ሳምንታት 9 ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ስላለው ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በአገራችን ተፈትሿል። ትርጉሙ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ወጣቱ «ደበረኝ» ሲል ሰለቸኝ ማለቱ ሊሆን ይችላል፣ እናት ደግሞ ጭንቀቷን «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ትለዋለች። ጥያቄው ካልገባዎት ይደገምልኝ ይበሉ። ተማሪው በራሱ አባባል ቢለውጠው ግን የሰዎቹን መልስ ማነጻጸር ያስቸግራል።

ማን ተጠየቀ የሚለውም ለውጥ ያመጣል። ወረፋ ላይ ያለው ብቻ ከተጠየቀ ቤት የተኛውና ፀበል የሄደው አይቆጠሩም። ቡታጅራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በተካሄደው ትልቅ የአእምሮ ጤና ጥናት ከ68,000 በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። ስኪዞፍሬንያ ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር፤ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ ቢፈለጉ አይገኙም ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ የተሞላ መጠይቅ እንቅልፍ ማጣት ሐዘንን አመጣ ወይስ ሐዘን እንቅልፍ ነሳ የሚለውን አይለይም። ነጥብዎ ከፍ ቢልም በሽታ አለብዎት ማለት አይደለም፤ ያንን የሚለየው ባለሙያ ነው።

9ኛው ጥያቄ ብሞት ይሻለኛል ስለሚል ወይም ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ነው። መልስዎ አዎ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ብቻ አይቅር፤ ተማሪው ሐኪም አይደለም። በዚያው ቀን፣ ከሆስፒታሉ ሳይወጡ፣ ለነርስ ወይም ለሐኪም ይንገሩ። ቤተሰብም እስኪታዩ ድረስ ብቻዎን አይተዎት።