ጥርስ የሌለው ጎማ እንዴት ይነክሳል?

የድራግ ሬስ ቪዲዮ በስልኩ ያየ የጎንደር ወጣት ሁሉ አንድ ነገር ሳይገርመው አይቀርም። ቆሞ ተነሥቶ 402 ሜትር በጥቂት ሰከንድ የሚጨርሰው መኪና የኋላ ጎማው ሙልጭ ያለ ሊሾ ነው፤ አንዲት ጥርስ የለውም። እዚህ እንዲያ ያለ ጎማ ያሠረ ሚኒባስ ለቦሎ ምርመራ ቢቀርብ ሹፌሩ ጎማ ቀይረህ ና ይባላል። መርማሪውም አልተሳሳተም፣ ተወዳዳሪውም አልተሳሳተም። እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ጎማ መሬቱን በምን እንደሚይዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚይዘው ጥርሱ ይመስለዋል። በጭቃና በልል አፈር ላይ እውነት ነው፤ ከዳባት ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚገቡት መንገዶች ክረምት ላይ ጥርስ የሌለው መኪና የትም አይደርስም። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ሥራው የላስቲኩ ነው። አስፋልት ከሩቅ ልሙጥ ቢመስልም ጎንበስ ብለው ሲያዩት የጠጠር ጫፍ ነው። የመኪናው ክብደት ሲጫነው ለስላሳ ላስቲክ በእነዚያ ጫፎች መካከል ሰርጎ ይገባል፤ ከድንጋዩም ጋር ለቅጽበት ተጣብቆ ይላቀቃል። ላስቲኩ ሲለሰልስና ልኩን ያህል ሲሞቅ ይህ መያዝ ይበረታል። በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦይ ደግሞ መሬት የማይነካ ባዶ ቦታ ነው። ዝናብ የሚባል ነገር ባይኖር የከተማ መኪና ጎማ ሁሉ ሊሾ በሆነ ነበር።

የድራግ ጎማ ይህን እስከ ጥግ የወሰደ ነው። ሰፊ ነው፤ ላስቲኩ በጣም ለስላሳ ነው፤ ንፋሱም ጥቂት ነው። የቤት መኪና ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ሲሞላ የድራግ ሊሾ ብዙ ጊዜ ከ15 በታች ይያዛል። ጎኑም ሆን ተብሎ ስስ ሆኖ ስለሚሠራ ሞተሩ ኃይሉን በድንገት ሲለቅ እየተሸበሸበ ግፊቱን ውጦ ያሳልፈዋል፤ መሬት የሚነካው የጎማ ክፍልም ይረዝማል። ከመነሻው በፊት ተወዳዳሪው ጎማውን አርጥቦ በቦታው ሲያሽከረክር የሚወጣው ጭስ ለተመልካች ትርኢት ይመስላል። ዓላማው ላስቲኩን ማሞቅና የተጣበቀበትን አቧራ ማራገፍ ነው።

ታሪኩም ደስ ይላል። በአሜሪካ የድራግ ውድድር ማኅበር በ1951 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ለዚህ ተብሎ የተሠራ ጎማ አልነበረም፤ ተወዳዳሪዎቹ አሮጌ ጎማ ላይ ልሙጥ ላስቲክ እያስለበሱ ይሮጡ ነበር። የዛሬው የሚሊዮን ዶላር ስፖርት የጀመረው በተለበደ ጎማ ነው ማለት ነው፤ የእኛ ጎሚስታዎች ቢሰሙት ቅር አይላቸውም። ቀጥሎ ለውድድሩ ብቻ የሚሠሩ ጎማዎች መጡ። ከዚያ ደግሞ የመንገድ ሕጉን ለማሟላት ሁለት ስስ ቦይ የተጫረባቸው ሊሾዎች ወጡ፤ ሐበሻ ቢሆን ኖሮ «ለይስሙላ» ይላቸው ነበር። የዛሬዎቹ የመንገድ ድራግ ጎማዎች የእነዚያ ልጆች ናቸው፤ ቦይ አላቸው፣ ሕጋዊ ማኅተም አላቸው፣ በአሜሪካ መንገድ ላይ መንዳት ይፈቀዳል።

እንግዲህ ከእነዚህ ጎማዎች አንዱ ጎንደር ገባ እንበል፤ በቪትዝ ኋላ ታሠረ። መጀመሪያ የሚያገኘው ኮብልስቶን ነው። የተጠረበ ድንጋይ ጠርዝ ለስላሳ ላስቲክን ይቀረድዳል። እንዲህ ያለ ላስቲክ ያገኘውን ጠጠርና ምስማርም እየለቀመ ይሄዳል፤ ጎሚስታው ይጠቀማል። ዕድሜውንም አምራቾቹ ራሳቸው አይደብቁትም። አሜሪካ በሚሸጥ የቤት መኪና ጎማ ጎን ላይ የጥርስ ዕድሜ ደረጃ በቁጥር ይጻፋል፤ መነሻው 100 ነው፣ የተለመደው የከተማ ጎማ ከ300 እስከ 600 አካባቢ ይጻፍበታል። ብዙ የድራግ ጎማ ላይ ያለው ቁጥር 00 ነው።

ቀጥሎ ብርዱ አለ። ደባርቅ ከባሕር ወለል ወደ 2,850 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጠዋት ውርጭ የሚያይባት ሰው አይደነቅም። በሙቀት እንዲሠራ የተቀመመ ላስቲክ እንዲያ ባለ ጠዋት ይጠነክራል፤ ሹፌሩ ደግሞ መናኸሪያው ውስጥ ጎማ አጭሶ ሊያሞቅ አይችልም።

ዋናው ጉዳይ ግን ዝናቡ ነው። ስፋቱ 18 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ 3 ሚሊ ሜትር ውኃ በተኛበት አስፋልት ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በየሰከንዱ 12 ሊትር ውኃ ከፊቱ ማስወገድ አለበት። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ መድፋት ማለት ነው፤ ያውም በአንድ ጎማ ብቻ። ቦዮቹ የተሠሩት ለዚህ ነው፤ ውኃውን ተቀብለው ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይሸኙታል። ቦይ ከሌለ ውኃው ከጎማው ሥር ይገባና መኪናውን ያነሣዋል። ያኔ መሪው ይቀላል፣ ፍሬኑም መልስ አይሰጥም።

በ1963 እ.ኤ.አ. የናሳ ተመራማሪዎች ከአውሮፕላን ጎማ ሙከራ በመነሣት ጎማ በውኃ ላይ መንሳፈፍ የሚጀምርበትን ፍጥነት የሚገምት ቀላል ቀመር አወጡ፤ የሚያያይዘውም ከንፋሱ ግፊት ጋር ነው። ባለ 35 ፒኤስአይ ጎማ ውኃው በበቂ ጥልቀት ከተኛ በሰዓት 98 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይንሳፈፋል። በድራግ ልማድ 12 ፒኤስአይ የተሞላ ከሆነ 58 ላይ። ሐምሌ ላይ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ዳባት ሲኬድ 58 ማንም ፍጥነት ብሎ የማይጠራው አካሄድ ነው።

ስለ ሊማሊሞ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየፈለጠ የጠመዘዘውን መንገድ የወረደ ሰው ያውቀዋል። ቀጥታ ለመሮጥ የተሠራ፣ ጎኑ የሚሸበሸብ ጎማ በእያንዳንዱ ጥምዝ ላይ መኪናውን ወደ ውጭ ያወዛውዘዋል። ከታች ያለው ደግሞ ገደል ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጎንደር ውስጥ የድራግ ጎማ የሚሸጥ ሱቅ ስላለ አይደለም። ሊሾ ጎማ ግን ሞልቷል። «በደረቅ አስፋልት ሊሾ የተሻለ ይይዛል» የሚል ክርክርም በየመናኸሪያው ይሰማል። ከፊሉ እውነት በመሆኑ ነው ክርክሩ የማያልቀው። የውድድሩ ሊሾ የተወለደው ሊሾ ሆኖ ነው፤ ላስቲኩ ትኩስና ለስላሳ ነው። የእኛው በዕድሜ ብዛት ሊሾ የሆነ ነው። ዓመታት የደጋ ፀሐይና አየር ላስቲኩን አድርቀውታል፤ የቀረው ሽፋን ስስ ነው፣ ከሥሩ ያለው ሽቦም ሊወጣ ተቃርቧል። በደረቁ እንኳ እንደ ውድድሩ ጎማ አይነክስም፤ በዝናብ ደግሞ ቦይ የለውም። ከሁለቱም ዓለም ጥፋቱን ብቻ የወረሰ ጎማ ነው። ጎማ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ዋጋው የት እንደሚወጣ ባለ ታክሲ ሁሉ ያውቃል። ይሁንና ያለቀውን ጎማ በፊዚክስ መከላከል አያዛልቅም።

ለመግዛት የሚወጣ ሰው ሁለት ነገር ይይ። በጎማው ጎን በሞላላ ክበብ ውስጥ አራት አኃዝ አለ፤ 3522 ከሆነ በ2022 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዐሥር ዓመት መጋዘን የተኛ ጎማ አዲስ አይደለም። በቦዮቹ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ከፍታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ አልቆ ከእነሱ ጋር እኩል ሲሆን ጎማው ጨርሷል። እኔ ብሆን ለጎንደር ክረምት 3 ሚሊ ሜትር ላይ እቀይረዋለሁ፤ የመጨረሻዎቹ ሚሊ ሜትሮች ውኃ የማስወገድ አቅማቸው ከሚታየው በላይ ይወርዳል።

ሹፌሮች የሚጠይቁት ሌላ ነገር አለ፦ ከመተማ ቆላ ወደ ደባርቅ ደጋ ሲወጣ ንፋስ መቀነስ አለበት ወይ? መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። መተማ ከባሕር ወለል 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ደባርቅ ሲወጣ የውጪው አየር 3 ፒኤስአይ ያህል ይሳሳል፣ ስለዚህ 35 የነበረው 38 ሊያሳይ ይገባው ነበር። ነገር ግን 40 ዲግሪ ሙቀት ወደ 12 ሲወርድ ጎማ ውስጥ ያለው አየር ይኮማተራል። ሁለቱ ተጣፍተው ደባርቅ አድሮ ጠዋት የተለካ ጎማ 34 አካባቢ ያነባል። ደርሶ ወዲያው የለካ ሰው ግን ጎማው ገና ትኩስ ስለሆነ ከፍ ያለ ቁጥር አይቶ ያስተነፍሳል፤ በማግስቱ በጎደለ ንፋስ ሊማሊሞን ይወርዳል። መለካት ያለበት ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥርም በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል።