መሸኛው የማይነግረን

በማታ ትምህርት ቤት ምዝገባ ላይ ጎልማሳ አመልካች መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከስንተኛ ክፍል አቋረጡ?» ተብሎ ነው። መሸኛ ያለው መሸኛውን፣ የስምንተኛ ክፍል ካርድ ያለው ካርዱን ያቀርባል፤ መዝጋቢውም ከወረቀቱ ቀጥሎ ባለው ክፍል ይመድበዋል። አሠራሩ ለመዝገብ ይመቻል፤ ለማጭበርበርም በሩን ያጠብባል። ለማስተማር ግን አይሆንም። በማታ መምህርነት ሥራዬ የማምንበት ነገር ቢኖር፣ ወደ ትምህርት የተመለሰ ጎልማሳ መመደብ ያለበት ባቋረጠበት ክፍል ሳይሆን ዛሬ በሚያውቀው ልክ፣ ያውም በየትምህርት ዓይነቱ ተለይቶ መሆኑ ነው። ተማሪው ዳግም ሲያቋርጥ በስንፍና ወይም በኑሮ ጫና ብቻ ማሳበብ ይቀናናል። ሲሠራ ውሎ መጥቶ ማታ ማታ ከማይገባው ትምህርት ጋር የሚፋጠጥ ሰው ግን ለመቅረት ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

የክፍል ቁጥር የእውቀት መለኪያ አለመሆኑን ለማየት ጎልማሶች ዘንድ መሄድ እንኳ አያሻም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉም ግን 12ኛ ክፍል ደርሰዋል። ካርዱ ትናንት ከክፍል ስለወጣው ተማሪ ይህን ያህል ካሳሳተን፣ ከአሥር ዓመት በፊት ስላቋረጠው ምን ያህል እውነት ይነግረናል? በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የሚጠፋም የሚጨመርም አለ። አልጀብራ ይረሳል፤ ያልተነገረ እንግሊዝኛ ይሸሻል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ በመሆኑ ደግሞ ጉዳቱ በቋንቋው ክፍለ ጊዜ አይወሰንም፤ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም ይነካል። በሌላ በኩል ሱቅ ይዛ የምትሠራ፣ የዕቁብ ገንዘብ የምትሰበስብ ሴት ትርፍና ኪሳራን ከመጽሐፉ በላይ ታውቃለች፤ ግንበኛውም ስፋትና ይዘትን ሲያሰላ ነው የሚውለው።

ይህ እውቀት በፈተና ወረቀት ላይ ራሱን ላያሳይ ይችላል። በብራዚል ሬሲፌ ከተማ በመንገድ ንግድ ላይ በተሰማሩ ልጆች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ጥናት አለ። ልጆቹ በሚሸጡበት ቦታ ሲጠየቁ 98 በመቶ ያህሉን ሒሳብ በትክክል መለሱ፤ ያንኑ ስሌት በቁጥር ብቻ ተጽፎ ሲያገኙት ውጤታቸው ወደ 37 በመቶ ወረደ። የተጠኑት አምስት ልጆች ብቻ ስለሆኑ ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል፤ ነገሩ ግን ለማታ መምህር እንግዳ አይደለም። ስለዚህ የመግቢያ ምዘናው በጽሑፍ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ በቃልም መጠየቅ፣ ጥያቄውንም ከሰውየው ሥራ ማውጣት ያስፈልጋል።

የሥርዓቱ መለዋወጥ መሸኛውን ይበልጥ ያደበዝዘዋል። በ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት ሳይመጣላቸው የቀሩ ሰዎች ዛሬ ሲመለሱ ፈተናው ራሱ የለም፤ እርከኑም ወደ 6-2-4 ተቀይሯል። የያዙት ወረቀት የሚጠራው ደረጃ በአዲሱ ሥርዓት ትክክለኛ አቻ የለውም። በሚያውቁት መመዘን ግን ለአገራችን አዲስ ሐሳብ አይደለም። ሲኦሲ የምንለው የሙያ ብቃት ምዘና፣ ሙያውን በሥራ ላይ የለመደ ሰው ተመዝኖ የምስክር ወረቀት እንዲያገኝ ያስችላል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ፈተናውን ያላለፈውን ከማሰናበት ይልቅ በማጠናከሪያ ትምህርት ያስቀጥል ነበር። ለእጅ ሙያና ለፊደል የተፈቀደው ለአካዳሚክ ትምህርት የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህ ደረጃ ማውረድ ነው የሚሉ አሉ። የምጠይቀው ግን የመግቢያው በር እንዲለወጥ እንጂ የመውጫው አይደለም፤ የስምንተኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ለሁሉም አንድ ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛው ተቃውሞ የክብር ጉዳይ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰን ሰው ለሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ማስቀመጥ ያሳፍረዋል ይባላል። ስጋቱ እውነት አለው፤ ምዘናው በየትምህርት ዓይነቱ መሆኑ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። በሒሳብ ዝቅ ያለው ሰው በአማርኛና በዜግነት ትምህርት በክፍሉ ይቀጥላል፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ የተመለሰ የለም። በተረፈ ሳያውቁ ወር ሙሉ ዝም ብሎ መቀመጥ የባሰ ያሳፍራል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የአቅም ጥያቄ ነው። የማታ ክፍለ ጊዜ አጭር፣ መምህሩም ቀን ሲያስተምር የዋለ ነው። ሆኖም ይህን ለማድረግ አዲስ ክፍልም አዲስ ቅጥርም የግድ አይደለም። የሒሳብና የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በሁሉም ክፍሎች በተመሳሳይ ሰዓት ከተያዘ፣ ተማሪው ለእነዚያ ሰዓታት ብቻ ወደሚመጥነው ክፍል መሄድ ይችላል። ድካሙ ያለው ፕሮግራሙን ሲያወጡ ነው፤ እሱም በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ብዙዎቹ የሚፈልጉት እውቀት ሳይሆን ወረቀት ነው ለሚለውም፣ ቀጣሪው ወረቀት እስከጠየቀ ድረስ ፍላጎታቸው ነውር አይደለም እላለሁ። ወረቀቱን የሚያስገኘው ፈተናውን ማለፍ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ከጎደላቸው ቦታ መጀመር አለባቸው።

መሸኛው ይቅር አላልኩም። ማንነትንና የትምህርት ታሪክን ለማረጋገጥ ያገልግል፤ ክፍል መወሰኑን ግን ለምዘናው ይተው። ለመስከረም ምዝገባ የሚዘጋጅ ርዕሰ መምህር የሚያስፈልገው ለሁለቱ ትምህርቶች አጭር ፈተና፣ ከእያንዳንዱ አመልካች ጋር ጥቂት ደቂቃ መነጋገርና ሰዓታቸው የተጣጣመ ፕሮግራም ነው። መመሪያ እስኪመጣ መጠበቅ አይኖርበትም፤ ዘንድሮ ሊጀምረው ይችላል።