ስልኩን ሲጨብጡት ኔትወርኩ የት ይሄዳል?

ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፤ አንዱ አይፎን፣ ሌላው ሳምሰንግ፣ ሲማቸው ደግሞ የአንድ ድርጅት። አንዱ አራት መስመር ኔትወርክ ያሳያል፣ ሌላው ሁለት። ባለ አራቱ ወዲያው «አላልኩህም!» ይላል። ባለ ሁለቱ ወሬውን ወደ ካሜራ ያዞራል። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ይከራከራሉ፤ የሚከራከሩት ግን በሥዕል ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚደረደሩትን እነዚያን መስመሮች እያንዳንዱ አምራች በራሱ ቀመር ነው የሚስላቸው። አራት መስመር ማለት ይህን ያህል ሲግናል ነው ብሎ ሁሉንም የሚያስገድድ የጋራ ልኬት የለም።

ይህ ጉድ አደባባይ የወጣው በ2010 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአፕል መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ ጁን 7 ቀን ሳንፍራንሲስኮ ላይ አይፎን 4ን ሲያስተዋውቅ ከኮራባቸው ነገሮች አንዱ ስልኩን ዙሪያውን የከበበው የማይዝግ ብረት ነበር። ስልኩ ከፊትም ከኋላም መስታወት ሲሆን ውፍረቱ 9.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ብረቱ አካሉን ከማያያዝ አልፎ አንቴናም ሆኖ እንዲያገለግል ተደርጓል። ወጥ ሳይሆን በቀጫጭን ጥቁር ክፍተቶች የተቆራረጠ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ለዋይፋይ፣ ለብሉቱዝና ለጂፒኤስ፣ ሌላው ለጥሪና ለሞባይል ኢንተርኔት። ሁለቱን ከሚለዩት ክፍተቶች አንዱ በስልኩ ግራ ጎን፣ ወደ ታች ነው። አሁን ስልካችሁን በግራ እጃችሁ ያዙና በቀኛችሁ ነካኩት። የመዳፋችሁ ሥጋ የሚያርፈው የት ነው? ልክ እዚያው።

ስልኩ ጁን 24 ገበያ ላይ ዋለ። ብዙም ሳይቆይ ቪዲዮዎች ወጡ፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሳለ አምስት መስመር ይታያል፣ በግራ እጅ ሲጨበጥ መስመሮቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። አንድ ደንበኛ ይህንኑ ለጆብስ በኢሜይል ቢጽፍለት የተመለሰለት መልስ በአጭሩ «እንዲያ አትያዘው» የሚል ነበር። የሌላ ስልክ ደጋፊዎች ከዚህ የበለጠ ስጦታ ከየትም አያገኙም። ጉዳዩም አንቴናጌት የሚል ስም ወጣለት።

ለመሆኑ እጅ አንቴናን ምን ያደርገዋል?

አንቴና ሥራው የሬዲዮ ሞገድን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ፣ ሲልክ ደግሞ የዚያኑ ግልባጭ መሥራት ነው። ይህን በደንብ የሚሠራው ርዝመቱ ከሞገዱ ርዝመት ጋር ሲስማማ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሞገዱ ሩብ ይበቃዋል። እኛም አገር በምንጠቀምበት በ900 ሜጋኸርዝ ሞገዱ 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ሩቡ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ2100 ሜጋኸርዝ ሩቡ 3.5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ስልክ ውስጥ የሚገባ ልክ መሆኑን ልብ በሉ፤ የቀድሞው ከላይ የሚመዘዝ አንቴና ቀርቶ ስልኮች መላጣ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ማሲንቆ ያለው አንድ ጭራ ነው፤ አዝማሪው ጣቱን ባሳረፈበት ቦታ ልክ ድምፁ ይለወጣል። በባዶ እጅ አይፎን 4 ላይም የሆነው ይኸው ነው። ቆዳችን ውስጥ ጨውና ውኃ ስላለ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መዳፍ ክፍተቱ ላይ ሲያርፍ ሁለቱን የብረት ቁራጮች ያገናኛል፤ አንቴናው ከተቃኘበት ድግግሞሽ ይወጣል። ሞገዱ እየመጣ ነው፣ አንቴናው ግን ሌላ ቅኝት ላይ ሆኗል። ከዚህ ሌላ እጅ በራሱ ሞገዱን ይመጥጣል። ይህ ሁለተኛው በሽታ ማንኛውንም ስልክ ይይዛል፤ የመጀመሪያው ግን ብረቱን ራቁቱን ከቆዳ ጋር ያነካካው የአይፎን 4 የግሉ ነበር።

አንቴናው ለምን ከታች ሆነ የሚል አይጠፋም። ስልክ ሲወራበት የላይኛው ጫፍ ጆሮ ላይ ነው፤ የአሜሪካ ደንብ ደግሞ የሰው አካል ከስልክ የሚቀበለው ጉልበት በኪሎ ግራም ከ1.6 ዋት እንዳይበልጥ ይከለክላል። ስለዚህ አንቴናውን ከጭንቅላት አርቆ ወደ አገጭ ማውረድ ይቀላል። ከጭንቅላት ሲሸሽ መዳፍ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው? እዚህ ላይ ቁጥር ያስፈልገናል። የስልክ ሲግናል የሚለካው በዲቢኤም ሲሆን ከዜሮ በታች ነው የሚጻፈው። ዜሮ ዲቢኤም አንድ ሚሊ ዋት ነው። በየ10 ዴሲቤሉ ጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ -90 ላይ ስንደርስ የአንድ ሚሊ ዋት አንድ ቢሊዮንኛ ቀርቶናል። ስልካችን በዚህች ፍርፋሪ ነው «እሺ ማሚ፣ እየመጣሁ ነው» የሚለውን የሚያደርስልን፤ እኔ በበኩሌ ሲቆራረጥ ከመናደድ ይልቅ ሲሠራ መገረም ይቀናኛል።

አናንድቴክ የተባለው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ በዚያ ሰሞን ስልኮቹን እየጨበጠ ለካ። አይፎን 4 ያለ ከቨር እንደነገሩ ሲያዝ 20 ዴሲቤል ያህል ያጣል፤ መቶ እጅ መሆኑ ነው። ጥብቅ ተደርጎ ሲጨበጥ ከ24 በላይ ያጣል፤ ይህ ከ250 እጅ ያልፋል። ከቨር አልብሰው እንደነገሩ ሲይዙት ኪሳራው ወደ 7 ዴሲቤል ወረደ። በጎግል ስም የወጣው ኔክሰስ ዋንም በተመሳሳይ አያያዝ 11 ዴሲቤል ያህል አጥቷል። እንግዲህ የአይፎን ወዳጆች «ሁሉም ስልክ ያጣል» ሲሉ እውነት ነበራቸው፤ ጠላቶቹ «የእናንተ ይብሳል» ሲሉም እውነት ነበራቸው።

ዋናው ቁም ነገር ግን የመስመሮቹ አሳሳል ላይ ነው። አናንድቴክ እንዳወጣው፣ አይፎኑ በዚያን ጊዜ ከ-51 እስከ -91 ዲቢኤም ድረስ ያለውን ሁሉ አምስት መስመር አድርጎ ያሳይ ነበር። አርባ ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር ሺህ እጥፍ ልዩነት፣ በአንድ ሥዕል! ከዚያ በታች ያሉት አራቱ መስመሮች የቀረችውን ጠባብ ቦታ ተሻምተዋታል፤ ሦስት መስመር የሚታየው ከ-101 እስከ -103 ብቻ ነው፣ ሁለት ዴሲቤል። በ-113 አካባቢ ኔትወርኩ ያከትማል።

ይህን ይዘን ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንዱ ታወር አጠገብ ይኖራል፣ ስልኩ -60 ይቀበላል። የፈለገውን ያህል አጥብቆ ቢይዘው 24 ዴሲቤል አጥቶ -84 ላይ ይሆናል፤ አምስቱም መስመሮች ንቅንቅ አይሉም። «ውሸታም ሁሉ! የኔ ምንም አይልም» ብሎ ይምላል። ሌላው ከታወር ራቅ ብሎ -90 ላይ ነው፤ እሱም አምስት መስመር ያያል። ጨበጥ ሲያደርገው -114 ይገባና ጥሪው ይቋረጣል። ሁለቱም አንድ ስልክ ይዘዋል፣ ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት፣ ሁለቱም ቪዲዮ አላቸው። በዚያ ላይ በአሜሪካ አይፎን ይሠራ የነበረው በኤቲ ኤንድ ቲ ኔትወርክ ብቻ ስለነበር፣ ኒው ዮርክና ሳንፍራንሲስኮ ያለው ደንበኛ ጥሪ መቋረጡን ከፊትም ለምዶታል፤ ጥፋቱ የስልኩ ይሁን የኔትወርኩ በምን ይለየው?

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ ይህ ነው፤ እጅ ካልነካው የአይፎን 4 አንቴና ከቀደሙት አይፎኖች የተሻለ ነበር። የአናንድቴክ ሞካሪዎች -113 ላይ ሆኖ እንኳ ጥሪ እንደያዘላቸው ጽፈዋል። ደካማ ሲግናልን ከወንድሞቹ በበለጠ ይይዛል፣ በእጅ ሲያዝ ከወንድሞቹ በበለጠ ያጣል። ደጋፊ እንዲህ ያለ ባለ ሁለት ፊት እውነት አይወድም። ስልክ እንደ ድንች ተሸምቶ የሚረሳ ቢሆን ኖሮ ማንም አይሟገትለትም ነበር፤ ብዙ ብር የወጣበትንና ሰው ፊት የሚያዝን ዕቃ መንቀፍ ግን ገዢውን መንቀፍ ይመስላል።

አፕል ጁላይ 2 ቀን ባወጣው ደብዳቤ የመስመሮቹ ቀመር ጨርሶ ስህተት እንደነበረና በብዙ ቦታ ሁለት መስመር አብልጦ ያሳይ እንደነበር አመነ። ጁላይ 15 በተለቀቀው አይኦኤስ 4.0.1 ቀመሩ ተስተካከለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አጫጭር መስመሮችም ቁመታቸው ተጨመረ። ይህቺ ቁመት መጨመር ሁልጊዜ ታስቀኛለች። አንቴናውን ሶፍትዌር አይነካውም፤ የተስተካከለው መስተዋቱ እንጂ ፊቱ አይደለም።

ከዚያ በፊት ጁላይ 12 ቀን ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት ስልኩን የውጭ ሞገድ በማይገባበት ክፍል ፈትሾ ችግሩ እውነት መሆኑን አረጋገጠ። ለስልኩ ከፍተኛ ነጥብ ከሰጠ በኋላ «ግዙት ለማለት ግን አንችልም» አለ። መፍትሔ ብሎ ያቀረበውም ክፍተቱ ላይ ፕላስተር መለጠፍ ነበር። ነገሩ ያስቅ እንጂ ፊዚክሱ ልክ ነው፤ ቆዳና ብረት እንዳይነካኩ ትንሽ መጋረጃ ይበቃል።

በአራተኛው ቀን፣ ጁላይ 16፣ ጆብስ ጋዜጠኞችን ጠራ። ስልኩ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ስለ አንቴናው ወደ አፕል ደውለው ያማረሩት ከገዢዎቹ 0.55 በመቶ ብቻ ናቸው፤ መልሰው የሚያስረክቡት 1.7 በመቶ ሲሆኑ የቀድሞው አይፎን 3ጂኤስ 6 በመቶ ነበር አለ። ብላክቤሪ፣ ኤችቲሲና ሳምሰንግ ስልኮች ሲጨበጡ መስመር ሲያጡ የሚያሳይ ቪዲዮም ከፈተ። ለአንቴና መሞከሪያ 100 ሚሊዮን ዶላር እንዳወጡ ተናገረ። በመጨረሻ 29 ዶላር ይሸጥ የነበረውን ባምፐር የተባለ የጎማ ከቨር በነፃ ሰጠ። እኔን የሚገርመኝ ከዚህ ሁሉ መግለጫ ውስጥ መፍትሔው ያቺ ጎማ ብቻ መሆኗ ነው።

ተፎካካሪዎቹ ኩባንያዎች ተቆጡ። የብላክቤሪ አለቆች የራሳችሁን ውርደት በኛ ላይ አታላክኩ አሉ። ኖኪያ ደግሞ ውበትና አንቴና ሲጋጩ እኛ አንቴናን ነው የምናስቀድመው ብሎ መለሰ። ሞቶሮላማ ቀደም ብሎ፣ ድሮይድ ኤክስ የተባለውን ስልኩን እንዳሻችሁ ያዙት የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። የአይፎን ደጋፊዎችም ዝም አላሉ፤ የኖኪያ ስልክ መመሪያዎችን ገልጠው፣ አንቴናው ያለበትን ቦታ ሳያስፈልግ አትንኩ የሚለውን ማስጠንቀቂያ እያወጡ አስነበቡ። እውነትም እዚያ ተጽፏል።

በኦክቶበር 2011 የወጣው አይፎን 4ኤስ የብረት ዙሪያውን አልጣለውም፤ በሁለት አንቴናዎች መካከል ራሱ እየቀያየረ የሚሠራ ሆነ። አንዱ በእጅ ሲሸፈን ሌላው ይሠራል። የዛሬ ስልኮችም ብዙ አንቴና ጫፍና ጫፍ ላይ እየበተኑ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ በብረት ጎናቸው ላይ የምታዩዋቸው ቀጫጭን የፕላስቲክ መስመሮች የአንቴና መለያ ክፍተቶች ናቸው። በ2012 አፕል በአሜሪካ የተመሠረተበትን የጋራ ክስ ለእያንዳንዱ ከሳሽ 15 ዶላር ወይም ነፃ ከቨር ለመስጠት ተስማምቶ ዘጋው።

የራሳችሁን ስልክ ለመሞከር መስመሮቹን ተዉና ቁጥሩን ፈልጉ። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ስለ ስልኩ ከሚለው ሥር የሲም ሁኔታ የሚል አለ፤ የሲግናል ጥንካሬው በዲቢኤም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አይፎን ላይ *3001#12345#* ብላችሁ ብትደውሉ የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ጥቂት ታገሡ፣ ቁጥሩን ያዙ፤ ከዚያ ታችኛውን ጫፍ በመዳፋችሁ ሸፍኑትና እንደገና ታገሡ። ስልኩ አማካይ እያወጣ ስለሚያሳይ ወዲያው አይለወጥም፤ ማንም ሳይነካውም ሁለት ሦስት ዴሲቤል ከፍ ዝቅ ይላል። የ4ጂ ቁጥር የሚለካው ከ3ጂው በተለየ መንገድ ስለሆነም ሁለቱን አታወዳድሩ። 4ጂ ላይ -80 በጣም ጥሩ ነው፣ -100 ይበቃል፣ ከ-115 ወዲያ ግን መቆራረጡ አይቀርም።

ስልኩን ቆርቆሮ ጣሪያ ካለው ክፍል ውስጥ ወደ መስኮት ብታስጠጉት ቁጥሩ ከእጅ አያያዝ ለውጥ በላይ ሊሻሻል ይችላል፤ መስኮት ላይ ስልክ አስቀምጦ በስፒከር የሚያወራ ሰው ከማንም የስልክ ሊቅ በላይ ነገሩ ገብቶታል። ብረት ያለበት ከቨርም፣ መኪና ውስጥ በማግኔት ለማንጠልጠል ከኋላ የሚለጠፈውም ቆርቆሮ፣ አንቴናው ላይ ካረፉ ጉዳት አላቸው። ሲግናሉ ሲደክም ስልኩ ታወሩ እንዲሰማው ብሎ የሚልክበትን ጉልበት ከፍ ያደርጋል፤ ኔትወርክ በማይይዝ ቤት ጠዋት የሞላ ባትሪ ሳይነካ ከሰዓት የሚያልቀው ለዚህ ነው።