ሚስማር መምቻ ማሽን ከመግዛታችን በፊት

በዚህ እትማችን ለሥራ ወዳዶች የሚሆን ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። በጅቡቲ ከተማ መዶሻና መጋዝ ይዘው ቤተሰባቸውን የሚያኖሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2017 ጅቡቲ ያወጣችው የስደተኞች ህግ ደግሞ እውቅና ላገኘ ስደተኛ የመሥራት መብት ስለሰጠ፣ በአሊ አዴና በሆልሆል ያሉ ወጣቶችም ሙያ ይዘው ከተማ የመውረድ ሐሳብ አላቸው። እነዚህ ልጆች ሲሰበሰቡ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ "እቁብ ጥለን ሚስማር መምቻ ማሽን ብንገዛ ያዋጣናል ወይ? ከገዛንስ የትኛውን?"

ጥያቄው ቀላል አይደለም። የእቁብ ገንዘብ የልጆች ወተት፣ የትምህርት ቤት ደብተር ነው። እጅ ደግሞ ለአናጢ እንጀራው ነው። ገንዘቡም እጁም እንዳይጎዳ ረጋ ብለን እንየው።

ማሽኑ ምንድን ነው?

መልኩ ትልቅ ሽጉጥ ይመስላል። ክብደቱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይደርሳል። በረድፍ የተጣበቁ ሚስማሮች በካዝናው ይገባሉ፣ አፉ እንጨቱ ላይ ተጭኖ ቃታው ሲሳብ አንዱ ሚስማር በአንድ ምት ሙሉ በሙሉ ይገባል። እዚህ የምናወራው ለቤት ቋሚ፣ ለማገርና ለጣሪያ ወራጅ ስለሚሆነው ትልቁ ዓይነት ነው። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ሚስማር ይመታል። ለቁም ሳጥንና ለበር ጌጥ የሚሆነው ትንሹ ማሽን ሌላ ነው፤ ሻጭ አንዱን በሌላው ስም እንዳይሰጣችሁ።

ማሽኑን አይታችሁት ባታውቁ እንኳ ሥራውን ታውቁታላችሁ። ጅቡቲ የደን አገር አይደለችም፤ የቤት መሥሪያ እንጨቱ በመርከብ ይመጣል፣ የወደብ ፓሌትም ተፈታቶ ግድግዳና አልጋ ይሆናል። ፓሌት ስትፈቱ ሚስማሩ አልነቀል ብሎ ያስቸገራችሁ ጊዜ የለም? ብዙውን ጊዜ እሱ በማሽን የተመታ፣ አካሉ ላይ ጥምዝ ወይም ቀለበት ያለው ሚስማር ነው። እንጨቱን ነክሶ ይይዛል።

ፓሌትን ካነሳን አይቀር፣ ማህተሙን ማየት አትርሱ። "ኤች ቲ" የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት በሙቀት ብቻ የታከመ ማለት ነው። "ኤም ቢ" የሚለው ግን ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነውና ለልጆች አልጋ አታድርጉት፣ ማገዶም አታድርጉት።

ለማን ያዋጣል?

ሂሳቡን በእጃችን እንሥራው። አንዲት ትንሽ የእንጨት ቤት 400 ሚስማር ትፈጃለች እንበል። በመዶሻ ለአንዱ ሚስማር ግማሽ ደቂቃ ብንሰጠው 200 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። እንግዲህ ማሽኑ ሁሉንም በዓይን ጥቅሻ ቢጨርሰው እንኳ የምታተርፉት ከግማሽ ቀን ያነሰ ነው። መለካቱን፣ መቁረጡን፣ ማቆሙን ማሽኑ አይሠራላችሁም። ለራሱ ቤት ብቻ ለሚሠራ ሰው ጥሩ መዶሻ፣ ጉጠትና ውሃ ልክ ይበቃዋል።

በሳምንት 2,000 ሚስማር የሚመታ ቡድን ግን ሌላ ነው። በዚያው ስሌት በሳምንት 1,000 ደቂቃ፣ ማለትም 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በመዶሻ ብቻ ያልፋል። ሁለት የሥራ ቀን ማለት ነው። አልጋ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የሱቅ መደርደሪያ በብዛት የሚሠሩ ልጆች ቢገዙት አይቆጫቸውም። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንደሚባለው፣ ይህ ዕቃ የቡድን እንጂ የአንድ ሰው ዕቃ አይደለም።

ከማሽኑ በፊት ሚስማሩን ጠይቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ የሱቁን ልቅ ሚስማር አይበላም። የሚቀበለው ለእሱ ተብሎ በወረቀት፣ በፕላስቲክ ወይም በቀጭን ሽቦ የተያያዘውን ብቻ ነው። ረድፉም ያዘነበለ ነው፤ አንዱ 21፣ አንዱ 28፣ ሌላው ከ30 እስከ 34 ዲግሪ ያዘነብላል። የ21 ዲግሪ ማሽን የ34ቱን ሚስማር አይቀበልም። ርካሽ ማሽን ገዝታችሁ ሚስማሩ ከተማው ውስጥ ከጠፋ የገዛችሁት የበር ማስደገፊያ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። በመጀመሪያ ሦስት አራት የግንባታ ዕቃ ሱቆች ዞራችሁ የትኛው ረድፍ ሚስማር ዘወትር እንዳለ፣ የአንዱ ካርቶን ዋጋና በውስጡ ስንት እንዳለ ጠይቁ። ዋጋውን ለሚስማሩ ቁጥር አካፍሉና ከልቅ ሚስማር ጋር አወዳድሩ። ከዚያ በኋላ ያንን ሚስማር የሚበላ ማሽን ፈልጉ።

ስለ ሚስማሩ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጅቡቲ የባህር ከተማ ናት፤ ጨው ያለበት አየር ተራ ሚስማርን ቶሎ ያዝገዋል። ለውጭ ሥራ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ የወጣውን ምረጡ፤ ቀለሙ ደብዘዝ፣ ገጽታው ሸካራ ይላል። የሚያብረቀርቀው ስስ ለበጥ ለቤት ውስጥ ይሁን። ሁለተኛ፣ የሚስማሩ ርዝመት ከምትይዙት ጣውላ ውፍረት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይሁን። የ3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ጣውላ በ9 ሳንቲ ሜትር ሚስማር ሲያዝ 5 ሳንቲ ሜትር ተኩሉ ቋሚው ውስጥ ይገባል። በበጋ ካምሲን ሲነፍስ ጣሪያውን የሚይዘው ይኸው ውስጥ የገባው ነው።

አየር፣ ባትሪ ወይስ ጋዝ?

ማሽኑ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሦስት ነገር በአንዱ ነው።

በአየር የሚሠራው የቆየውና ለጥገና የሚመቸው ነው። ከ5 እስከ 8 ባር የሚሆን የታመቀ አየር ይፈልጋል (የመኪና ጎማ 2 ባር ተኩል አካባቢ ነው)። ኮምፕሬሰርና ቱቦ ስለሚያስፈልገው መብራት ያለበት ግቢ ውስጥ ለሚሠራ ቡድን ይሆናል። የኮምፕሬሰሩ ሞተር ሲነሳ ብዙ ኃይል ይስባልና ትንሽ ጄኔሬተር ላያስነሳው ይችላል። የጅቡቲ መብራት እንደ አገራችን 220 ቮልት ስለሆነ፣ ከአሜሪካ የመጣ የ110 ወይም የ120 ቮልት ዕቃ እንዳትሰኩ። ማታ ማታ ከኮምፕሬሰሩ በርሜል ሥር ውሃውን አፍስሱት፤ በባህር ዳር እርጥበት በርሜሉ ከውስጥ ይዝጋል። አደራ የምንለው ደግሞ፣ አየር ጠፋ ብላችሁ የብየዳ ኦክሲጅን ከማሽኑ ጋር እንዳታገናኙ። ይፈነዳል፣ ይገድላል!

በባትሪ የሚሠራው ቱቦ የለውም፣ ሰው ቤት እየሄዱ ለሚሠሩ ይመቻል። ነገር ግን ከባድና ውድ ነው፤ የባትሪው ዕድሜ ሲያልቅም ሌላ ወጪ አለ። አብዛኞቹ የሊቲየም ባትሪዎች ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቻርጅ እንዳይደረጉ አምራቾቻቸው ያስጠነቅቃሉ። የጅቡቲ የሐምሌ ቀን ደግሞ ከዚያ ያልፋል። በቀዝቃዛው ሌሊት ቻርጅ አድርጉት፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በቀትር አትተዉት።

በጋዝ የሚሠራው ትንሽ የጋዝ ቆርቆሮና ትንሽ ባትሪ አለው። ቀላልና ፈጣን ነው። ግን ሚስማሩም ጋዙም ዘወትር መገዛት አለበት፤ የጋዙ ቆርቆሮ ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ አደገኛ ስለሆነ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይቀመጥም። ለኛ ሰው የመጨረሻ ምርጫ ነው እንላለን።

ቃታውን ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ

ሁለት ዓይነት ቃታ አለ። አንደኛው፣ ቃታውን ይዛችሁ አፉን እንጨት ባስነካችሁ ቁጥር ይተኩሳል። ፈጣን ነው፤ አናጢዎችም ይወዱታል። ሁለተኛው መጀመሪያ አፉ ተጭኖ ከዚያ ቃታው ካልተሳበ አይተኩስም፣ ለሚቀጥለው ሚስማርም ሁለቱም መለቀቅ አለባቸው።

የምንመክረው ሁለተኛውን ነው፤ ያለ አንዳች ማመንታት። በአሜሪካ ከ2001 እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) በየዓመቱ በአማካይ 37,000 ያህል ሰው በዚህ ማሽን ተጎድቶ ድንገተኛ ክፍል ገብቷል። በዚያው አገር መንግሥት በ2011 ያወጣው መመሪያ፣ ሲነካ የሚተኩሰው ቃታ የአደጋውን ዕድል እጥፍ እንደሚያደርገው ይናገራል። ስትገዙ ሻጩ ወፍራም ቁራሽ እንጨት ላይ ያሳያችሁ፤ ቃታውን አስቀድሞ ስቦ አፉን ሲያስነካ ከተኮሰ የመጀመሪያው ዓይነት ነውና ተዉት። ያገለገለ ማሽን ከሆነ ደግሞ የአፉ መከላከያ በሽቦ ወይም በፕላስተር እንዳልታሰረ፣ ወደ ቦታው በራሱ እንደሚመለስና አየር እንደማያሾልክ እዩ።

ማሽኑ የማይሠራው ሥራ

የጣሪያ ቆርቆሮ በዚህ ማሽን አይመታም፤ ባርኔጣ ያለው የቆርቆሮ ሚስማርና መዶሻ ይፈልጋል። ብሎኬትና ኮንክሪት ላይም ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሚስማሩ ተመልሶ ፊት ይመታል። የፓሌት አሮጌ ሚስማር ወይም ቋጠሮ ያለበት ቦታ ላይም አቅጣጫውን ስቶ በጎን ይወጣል። ድንኳንና የፕላስቲክ ሸራ ባለበት መጠለያ አጠገብ ደግሞ በጭራሽ፤ ከሸራው ጀርባ ልጅ ሊኖር ይችላል።

ለቡድኑ የሚሆን ደንብ

ማሽን የገዛ ቡድን ይህን ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ፦

– የዓይን መነጽር ያላደረገ አይነካውም።
– እንጨቱን የሚይዘው እጅ ከሚመታው ቦታ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።
– ሚስማር ሲሰካካ መጀመሪያ ቱቦው ይነቀል፣ ወይም ባትሪው ይውጣ።
– ጣት በቃታ ላይ ሆኖ መሄድ፣ መሰላል መውጣት ክልክል ነው።
– ማሽኑ ማታ ይቆለፍበታል፤ ልጆች አይጫወቱበትም።
– ከገቢው ጥቂት ለሚስማርና ለጥገና ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አደጋ ቢደርስ፣ እጅ ውስጥ የገባውን ሚስማር ራሳችሁ አትንቀሉት። ሚስማሩ ላይ ያለው ጥምዝና ሙጫ ሲወጣ ሥጋና ጅማት ይቀዳል። እንዳይነቃነቅ በጨርቅ ደግፋችሁ ከተማ ከሆናችሁ ፔልቲየር ሆስፒታል፣ ካምፕ ከሆናችሁ ወደ ጤና ጣቢያው ውሰዱት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጠየቅ። "ትንሽ ቀዳዳ ናት" ብሎ ቤት መቀመጥ አይገባም።

ባጭሩ፦ ለራስ ቤት መዶሻ፣ ለቡድን ሥራ ማሽን፤ ከማሽኑ በፊት ሚስማሩ፣ ከፍጥነቱ በፊት ቃታው። ለጊዜው አቅም ከሌለ አያሳፍርም። በመዶሻ ቀጥ ብሎ የተሠራ ቤት በማሽን ከተጣመመ ቤት ይሻላል። ማሽኑ እጅ ያፈጥናል እንጂ ሙያ አይሰጥም፤ ስለዚህ ጀማሪ ልጆቻችሁን መጀመሪያ መዶሻ አስይዟቸው።

መልካም ሥራ! እጃችሁን ይጠብቅልን።