ስም ወይስ ሞያ? ዩኒቨርሲቲ ስለ መምረጥ

ከሠመራ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዲቾቶም ሆነ በሌላ ከተማ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈ ልጅ ባለበት ቤት አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ «ቅርቡ ሠመራ ይሻለዋል ወይስ ስመ ጥሩው አዲስ አበባ?» ፈተናውን ማለፍ ራሱ ቀላል አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ጥያቄው ስለ ተቋሙ ስም እንጂ ስለ ልጁ ምንም አይጠይቅም።

የአብነት ተማሪ እንዲህ አይመርጥም። ድጓ የሚሻ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አባ፣ ቅኔ የሚሻ ወደ ዋሸራ ይሄዳል፤ የሚከተለው ሞያውን ነው። ደግሞም ንባብ ሳያጠና ዜማ ቤት አይዘልቅም። ከደረሰም በኋላ ጥቂት ቀን ከጉባኤው ተቀምጦ ያደምጣል። ትምህርቱ ካልተስማማው አኩፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላ መምህር ይሻገራል፤ ማንም አያፍርበትም።

በዚህ ሚዛን የዛሬዎቹን ተቋማት እንመልከት። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው መግቢያ ፈተና ይቀበላሉ፤ ትኩረታቸውም ምህንድስናና ተግባራዊ ሳይንስ ነው። ሕግ ለመማር የሚሻ ልጅ ስማቸውን ብቻ ሰምቶ ቢመኛቸው ምን ይጠቀማል? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ እንዲሆን ከተወሰነ ወዲህ የራሱን ፈተና ይሰጣል። በአንጻሩ በከብትና በግመል መካከል ያደገ፣ የእንስሳት ሕክምና የሚወድ የአፋር ልጅ ሠመራ ዩኒቨርሲቲን ቢመርጥ ያነሰ መረጠ አንልም።

ግን ደግሞ ፍርሃትን ትሕትና ብለን እንዳንጠራው! «ከዲቾቶ ወጥቼ እዚያ ማን ያስገባኛል?» ብሎ ሳይፈተን የሚቀር ተማሪ ራሱን አልመዘነም። ናሙና ጥያቄዎችን ሰዓት ይዞ፣ ያለ ረዳት ይሥራ። የሚከብደው የሒሳቡ መሠረት ነው ወይስ የእንግሊዝኛው ንባብ? የመጀመሪያውን በወራት ጥናት መሙላት ይከብዳል፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በልምምድ ይሻሻላል።

ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቴና ሲደርስ ከተማይቱ እንደ ስሟ አልሆነችለትምና አዝኖ ነበር። ያጽናናው ቀድሞት የገባው ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከመወሰኑ በፊት በዚያው ተቋም ሁለት ዓመት የቆየ ልጅ ፈልጎ ይጠይቅ፤ ግቢ ጉባኤ ውስጥ እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እኅት አይጠፋም። ስለ ሕንፃው ሳይሆን ይህን ይጠይቅ፤ በመጀመሪያው መንፈቅ ውጤቱ ዝቅ ያለበት ተማሪ ወደ ማን ይሄዳል? መምህሩን ቢሮው ያገኘዋልን? ለትራንስፖርትና ለመጻሕፍት በወር ምን ያህል ያወጣል? ወላጆችም ይህን መልስ አብረው ይስሙ፤ ወጪውን የሚችሉት እነርሱ ናቸውና።