እግር ማጠብም ሕክምና ነው

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የቡና አገር አፈሩ ቀይ፣ ዝናቡም ብዙ ነው። እንዲህ ባለ፣ ከ1000 ሜትር በላይ በሚገኝ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሠራ ሰው ዝሆኔ ሊይዘው ይችላል። ብዙዎቻችን እርግማን ነው፣ ይጋባል ሲባል ሰምተናል። በቆላ ትንኝ የምታስተላልፈው ሌላ ዓይነት ዝሆኔ አለ፤ ይኸኛው ግን ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአገራችን አጥንተው እንዳስረዱት፣ ደቃቅ የአፈር ቅንጣት በቆዳ ገብቶ የሊምፍ ሥሮችን ይጎዳል።

ይኸን በሽታ የሚነቅል ክኒን የለም። ሕክምናው እግሩን ራሱን መንከባከብ ነው፤ ይኸውም በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ፀረ ጀርም በተጨመረበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተካፈሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ይኸው እንክብካቤ ትኩሳትና ሥቃይ ይዞ የሚነሣውን ድንገተኛ ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ከጋብቻ፣ ከማኅበርና ከትምህርት ቤት የተገለለ ሕመምተኛ ግን ኀዘኑ ከእብጠቱ ይብስበታል። እብጠቱን ውሃና ሳሙና ይቀንሱታል፤ መገለሉን የሚያስቀረው ሰው ነው። እንግዲህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ ከሕመምተኛው ጎን እንቀመጥ፤ ቡናውንም አብረነው እንጠጣ።