ቦታ ያለው ዲስክ ትልቁን ፋይል ለምን አይቀበልም?

ግማሹ ገና ባዶ በሆነ ውጫዊ ዲስክ ላይ 9 ጊጋባይት የሚሆን የሠርግ ቪዲዮ ለመገልበጥ ሲሞክሩ ኮምፒውተሩ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ብሎ መልሶልዎት ያውቃል? ብዙዎች ዲስኩ የተበላሸ ይመስላቸውና ወደ ጥገና ቤት ይሮጣሉ። ዲስኩ ግን ጤነኛ ነው።

ምክንያቱ ዲስኩ ፎርማት የተደረገበት ሥርዓት ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የመጣውና ዛሬም በብዙ ፍላሾች ላይ የሚገኘው ፋት 32 የአንድን ፋይል መጠን የሚመዘግበው በ32 ቢት ነው። በዚህ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ስለሆነ፣ ከዚያ በአንድ ባይት እንኳ የሚበልጥ ፋይል አይገባም። መጋዘኑ ሰፊ ነው፤ በሩ ግን ጠባብ ነው።

እንግዲህ አንዱ መንገድ ፋይሉን መቆራረጥ ነው። ሰቨን ዚፕ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ያደርጋል። ፋይሉን በቀኝ አዝራር ተጭነው «አድ ቱ አርካይቭ» ይበሉ፤ «ስፕሊት ቱ ቮልዩምስ» በሚለው ሥር 4092 ኤም የሚለውን ይምረጡ። ቪዲዮ አስቀድሞ የታመቀ ስለሆነ እንደገና ማመቁ ጊዜ ከመፍጀት በቀር ብዙም አይጠቅምምና «ስቶር» የሚለውን ይውሰዱ። 9 ጊጋባይቱ ሦስት ቁራጭ ይሆናል፤ ስማቸውም በ001፣ 002 እና 003 ያበቃል።

ተቀባዩ ሦስቱንም፣ ስማቸውን ሳይለውጥ፣ በአንድ ፎልደር ያስቀምጥና 001ን ብቻ ከፍቶ ወደ ኮምፒውተሩ ያውጣ። መልሶ ወደዚያው ፋት 32 ዲስክ ላውጣ ቢል ያው ችግር ይገጥመዋል። ልብ ይበሉ፤ አንዱ ቁራጭ ከጠፋ ቪዲዮው ሙሉ ሆኖ አይመለስም። ስለዚህ ዘመድዎ ከፍቼ አየሁት እስኪልዎ ድረስ ዋናውን ፋይል ፈጽሞ አያጥፉ። ሠርግ ሁለተኛ አይቀረጽም!

ቁራጮቹ በቀጥታ ቴሌቪዥን ላይ እንደማይታዩም ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዲስኩ የራስዎ ከሆነ እኔ የምመርጠው መቆራረጡን ሳይሆን ዲስኩን ወደ ኤክስ ፋት መለወጡን ነው፤ ዊንዶውስም ማክም ያነቡታል፣ ይጽፉበታልም። አንዳንድ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ግን አያውቁትም። ፎርማት ማድረግ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ፣ አስቀድመው ይዘቱን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ።